ደህና ነኝ የሚለው ማሽን

መሰለች ጠዋት ፊቷን ታጥባ ጸሎቷን እንዳደረሰች፣ ከሰው ሁሉ አስቀድማ ደህንነቱን የምትጠይቀው ኮምፒውተሯን ነው። የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቿ ይስቁባታል፤ ይሳቁ። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ትቀመጥና፣ ቀኝ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ በግራዋ አንድ ጣት፣ dehna ብላ ትጽፋለች። ማሽኑም ወዲያው [UU] ብሎ ይመልስላታል። ሁለት ዩ ማለት ሁለቱም ዲስኮች በሕይወት አሉ ማለት ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ትነሳለች። አሥራ አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን አላጓደለችም።

ዲስኮቹ ውስጥ ያለው ዕድሜዋ ነዋ! መሰለች አቃቂ ውስጥ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ንድፍ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። በየሰዉ አልጋ፣ በየሰዉ መስኮት፣ በየሰዉ ገበታ ላይ የተዘረጋውን ሐረግና ቅጠል በእጇ የሣለችው እሷ ናት። ንድፎቿ ግን ቁጥር እንጂ ስም ኖሯቸው አያውቅም። ከቁጥር አንድ እስከ ቁጥር አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድሳ፣ አለቀ። ጡረታ ስትወጣ ፋብሪካው ወረቀቶቹን ሊጥል ሲል በጋሪ አስጭና በሰቃ ሰፈር ወደነበረው የኪራይ ቤቷ ወሰደቻቸው። በኋላ ኮንዶሚኒየም ደርሷት አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ስትገባ፣ ጥቅሎቹ ከአልጋዋ ጋር ቦታ ይሻሙ ጀመር።

መላ የዘየደላት ጌዲዮን ነው። ጌዲዮን የሟች ወንድሟ ልጅ ነው፤ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፣ የሚጠራትም «እቴቴ» ብሎ ነው። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቱ ሲሆን፣ በየሱቁና በየድርጅቱ ኮምፒውተርና የጥበቃ ካሜራ እየገጠመ ይኖራል። ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስካን አደረጉ። እሷ ወረቀቱን ታስተካክላለች፣ እሱ ቁልፉን ይጫናል፣ እየተሳሳቁ ይውላሉ። እንዲህ የተደሰተችበት ክረምት ትዝ አይላትም።

«ወረቀት አይጥ ይበላዋል እቴቴ» አላት። «ዲስክ ግን ሁለት እናደርጋለን። አንደኛው ላይ የተጻፈ ሁሉ እዚያው በዚያው ሁለተኛውም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። ያኔ በሞተው ምትክ አዲስ ትገዢና፣ የተረፈው ያለውን ሁሉ ይገለብጥለታል።»

«ሁለቱም አንድ ላይ ቢሞቱስ?»

«አንዱ ሲሞት ቶሎ ካወቅሽ ሁለቱ አንድ ላይ አይሞቱም። ዋናው ማወቁ ነው።»

እንድታውቅ ብሎም ደብተር ገዝቶ ትዕዛዞቹን በእጁ ጻፈላት። cat ማለት «አሳየኝ»፣ echo ማለት «ያልኩህን መልሰህ በል»። በመጀመሪያው ቀን ማሽኑን መሰለች ወልደሚካኤል ብሎ ስሟን እንዲጠራ አድርጋው እንደ ልጅ ሳቀች። የዲስኮቹ ደህንነት የሚጠየቀው cat /proc/mdstat በሚል ረጅም ትዕዛዝ ነበር። ሁለት ዩ ከመጣ ሰላም ነው፤ ከሁለቱ የአንዷ ቦታ ላይ ሰረዝ ከመጣ ግን አንድ ዲስክ የለም። መሰለች ይህን ትዕዛዝ አንድ ቀን ትክክል ስትጽፈው ሦስት ቀን ትስተዋለች።

ወረቀቶቹን አምና ኅዳር ላይ ለሳህሌ ሰጠችው። ሳህሌ ከስልጤ መጥቶ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ሱቅ የከፈተ ጨዋ ሰው ነው። ምስማርና ስኳር ይጠቀልልበት ብላ ስታስወርድለት፣ አንዱን ዘርግቶ አየና «እትዬ መሰለች፣ ይህን የመሰለ ሥራ ለምስማር? ይቆጭዎታል» አላት። ጌዲዮን ነው የመለሰለት። «ማሽኑ ውስጥ አለ፣ ለዘላለም አለ» አለው፣ ደረቱን ነፍቶ።

ጥር ላይ ደግሞ ሌላ ስጦታ አመጣላት። የቃና ዘገሊላ ዕለት የሚካኤልን ታቦት ሸኝታ እግሯ አቧራ ለብሶ ስትመለስ፣ ራሴን አሞኛል ብሎ ቤት የቀረው ጌዲዮን በፈገግታ ተቀበላት። «ረጅሙን ትዕዛዝ ተገላገልሽ። ጠዋት ጠዋት ሰዉን ሁሉ ደህና አደርክ፣ ደህና አደርሽ ትያለሽ አይደል? እሱንም ደህና በይው፣ ይመልስልሻል።» ሞከረችው። ሁለት ዩ! አገላብጣ ሳመችው፣ «እደግልኝ» ብላ መረቀችው። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላው ጎረምሳ እንደ ሕፃን ተመርቆ አንገቱን ደፋ፤ አፍሮ መሰላት።

ይኸው ዘንድሮ መጋቢት ላይ እምነት የምትባል ልጅ መጣች። እምነት በሰቃ ውስጥ ትንሽ የጨርቅ ማተሚያ አላት። ከድሮ መጋረጃ ላይ የመሰለችን ንድፍ አይታ፣ ጠያይቃ ጠያይቃ ደረሰችባት። አርባ ንድፍ መርጣ ልታትም ፈለገች፤ በእያንዳንዱ ጨርቅ ጠርዝ ላይም «ንድፍ፦ መሰለች ወልደሚካኤል» የሚል ይታተማል አለቻት። መሰለች እንባዋ መጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት በቁጥር ኖራ በስሟ ልትጠራ ነው። ሐሙስ ልትወስዳቸው ተቀጣጠሩ።

ሰኞ ዕለት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ማክሰኞ ጠዋት መሰለች dehna አለች፣ ማሽኑም ሁለት ዩ መለሰ። ንድፎቹን ለመምረጥ አቃፊውን ስትከፍት ግን እንቢ አለ። ደግማ ሞከረች፤ ማንበብ አልተቻለም የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። ቁጥር አንድ አይከፈትም፣ ቁጥር መቶ አይከፈትም፣ ቁጥር ሺህ አይከፈትም። ጌዲዮን ጋ ደወለች።

«ደህና ብለሽዋል?» አላት።

«ብዬዋለሁ። ሁለት ዩ ነው የሚለኝ።»

«እንግዲያው ደህና ነው። ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ። እስከዚያ ምንም እንዳትነኪ።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ይህን አላት። ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። ቅዳሜ ማለት እምነት መጥታ ከሄደች በኋላ ነው። ደግሞስ «እንዳትነኪ» ምን ማለት ነው? ያስተማራት እንድትነካ አልነበር? ከመሳቢያ ደብተሩን አወጣች። አሥራ አራት ወር ያልጻፈችውን ረጅሙን ትዕዛዝ ፊደል በፊደል እያየች ጻፈች፣ ሁለቴ ተሳሳተች፣ በሦስተኛው ሆነላት።

[U_]

ዓይኗ ነው ብላ መነጽሯን ጠረገች። አጭሩን ጻፈች፣ ሁለት ዩ። ረጅሙን ጻፈች፣ አንድ ዩና ሰረዝ። ደጋግማ ሞከረች፤ እንደ ሁለት ምስክር አንዱ ሌላውን ያስተባብላል። አንደኛው ይዋሻል ማለት ነው።

cat ማለት አሳየኝ ነው። dehna የሚለው ቃል ውስጡ ምን እንዳለ እንዲያሳያት ማሽኑን ጠየቀችው። ውስጡ አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፦

echo "[UU]"

ያልኩህን መልሰህ በል። ሌላ ነገር የለም። ዲስክ አያይም፣ አይቆጥርም፣ አይጠይቅም። ቤቱ ቢቃጠል፣ ዲስኮቹ ተነቅለው ገደል ቢጣሉ፣ ሁለት ዩ ይላል። በየጠዋቱ እግዚአብሔር ይመስገን ስትል የኖረችው ለዚህ ነው!

ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የማሽኑ የውሎ መዝገብ የት እንደሚገኝ ተጽፏል። ከፍታ ስትፈልግ ቆይታ አገኘችው። ሁለተኛውን ዲስክ የነቀለው ብልሽት ሳይሆን ትዕዛዝ ነው፤ መጀመሪያ «ተበላሽቷል በለው»፣ ቀጥሎ «አውጣው»። ቀኑ በፈረንጅ ጃንዋሪ ሃያ፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ከአሥራ አራት። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካሌንደር ጋር አስተያየችው፤ ጥር አሥራ ሁለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥራ አራት። እሷ ከታቦቱ ኋላ እልል ስትል ነው። dehna የሚለው ቃል ደግሞ የተሠራው ከስምንት ደቂቃ በኋላ ነበር። የአዛዡ ስም ቦታ ላይ meselech ይላል፤ በእሷ ስም ገብቶ ነው ያደረገው። በሥራዋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟ የተጻፈው እዚህ ነው፣ ማጥፋቱ ላይ።

ስልኩን አንስታ «አሁን ና» አለችው፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከቂሊንጦ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ደረሰ። ስክሪኑ ላይ ሁለቱን መልስ ጎን ለጎን አድርጋ ትታለት ነበርና ገና ከበሩ አየው። ጫማውን ሳያወልቅ ቆመ።

«ዲስኬ የት ነው?»

«እቴቴ፣ እኔ እኮ ለሳምንት ብቻ ብዬ…»

«የት ነው ያልኩህ?»

«ታች፣ ሳህሌ ሱቅ። ካሜራ ልገጥምለት ቀጥሬው፣ መቅረጫው ዲስክ አልነበረውም። በበዓል ደግሞ የት ይገዛል? በሳምንቱ ልተካልሽ ነበር። ከዚያ… ሌላው ይሠራ ስለነበር…»

«ውስጡ የነበረውስ?»

መሬት መሬቱን አየ። «ካልጠፋ መቅረጫው አይቀበለውም። በላዩ ላይ ስንቴ ቀርጾበታል።»

መሰለች አልጮኸችም። ቢጮህባት ኖሮ እሷም ትጮህ ነበር፤ እሱ ግን ድሮ ብርጭቆ ሲሰብር እንደሚያደርገው ጣቶቹን እያፍተለተለ ቆመ፣ ይህ ደግሞ አንጀቷን በላው። «ዲስኩን ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር» አለችው። «ወስጄዋለሁ ብትለኝም ተቆጥቼ ይቅር እልህ ነበር። ያኔ ወረቀቴ ሳህሌ ጋ ነበረ፤ ገና ሁለት ወሩ ነው። ሮጬ እሰበስበው ነበር። አንተ ግን እንዳላውቅ አደረግኸኝ። ያውም ስጦታ ነው ብለህ። ያውም አገላብጬ ስሜህ፣ መርቄህ!»

«የቀረውን ዲስክ የሰኞው መብራት ጎድቶት ይሆናል፤ እሱን የሚያድኑ ሰዎች አሉ፣ ልሞክር…»

«ምንም እንዳትነካ» አለችው።

ደረጃውን ወረደች፤ እሱም ከኋላዋ ወረደ። ሳህሌ ሱቅ ከባንኮኒው በላይ አንዲት ትንሽ ስክሪን ተሰቅላለች። መሰለች በየቀኑ ዳቦ ስትገዛ ታያት ነበር። አሁን ቀና ስትል ራሷን አየች፣ በነጠላ የተሸፈነች አሮጊት፣ ከኋላዋ አንገቱን የደፋ ሰው። ዲስኳ ላይ የዕድሜ ልክ ሥራዋ በዚህ ተተክቷል፣ በሱቅ በር ምስል።

«ሳህሌ፣ ከዚያ ወረቀት የቀረ አለ?»

ሳህሌ አንዱን አየ ሌላውን አየ፤ የገባው ይመስላል። «ሐምሌ ላይ አለቀ እትዬ መሰለች። አንዱን ግን ስለሳሳሁለት…» ብሎ የዘይት ጠርሙሶቹን አነሳና ከመደርደሪያው ላይ አንድ ወረቀት ላጠ። የጠርሙስ ክብ ክብ ቅባት አርፎበታል፣ ጠርዙ ተቆርጧል። ቁጥር ሦስት መቶ ስድስት፣ ትንንሽ ቅጠል በሰማያዊ። ጌዲዮን በልጅነቱ የሚተኛበት አልጋ ልብስ ይህ ነበር። እሱም አወቀው፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ረቡዕ ዕለት መሰለች እምነት ጋ ራሷ ደውላ እውነቱን ነገረቻት፤ አርባ የለም፣ አንድ አለ፣ እሱም ዘይት ነክቶታል። እምነት ለአንዱም ቢሆን ሐሙስ እመጣለሁ አለች።

ሐሙስ ጠዋት መሰለች ፊቷን ታጥባ ጸሎቷን አድርሳ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። ማሽኑን አልከፈተችውም። ወረቀቱን ዘርግታ አንዲቷን ቅጠል በእርሳስ ልትከተል ሞከረች፣ እጇ ግን መስመሩን ሳተ። ስልኩ ጠራ፤ ጌዲዮን ነው።

«እቴቴ፣ ደህና አደርሽ?»

መሰለች በስድሳ ሦስት ዓመቷ ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው መልስ አንድ ብቻ ነበር። ወንድሟን በቀበረች ማግስት እንኳ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ነው ያለችው። ጌዲዮንም ይህንኑ ይጠብቅ ነበር፤ ትንፋሹ ይሰማታል።

«አይ» አለችው። «ደህና አላደርኩም፣ ጌዲዮን።»

እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ስልኩን ዘጋችው።