በቀዩ ገመድ የመጣ ድምፅ

ምንዋጋው ሳጥኗን ከአዲስ አበባ ድረስ ጉልበቱ ላይ አቅፎ ሲያመጣት ሰቆጣ ውስጥ ያልሳቀበት አልነበረም። ፊቷ ላይ ሁለት ቀዳዳና ጥቂት ማዞሪያ ያላት፣ ጀርባዋ ደግሞ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ጥቁር ብረት ናት። አዋቂዎቹ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይሏታል፤ እሱ ሳጥኗ ነው የሚላት። ሥራዋ ማቀበል ነው፤ በአንድ በኩል የማይክሮፎኑን ወይም የቴፑን ድምፅ ትቀበልና በሌላ በኩል ለኮምፒውተሩ ትሰጣለች። "ሰው በሬ ሲገዛ አንተ ቀዳዳ ገዝተህ መጣህ?" አለው ጎረቤቱ ይስማው። ምንዋጋውም መልስ አላጣም፤ "በሬህ ሲያገሳ ልቀዳልህ ነው" ብሎት አለፈ።

የልቡ ሐሳብ የዋግን ዘፋኞች እቤቱ ቀርጾ ማስቀረት ነበር። ለዚህ ብሎ የጓዳውን ግድግዳ በጆንያ አለበሰው፣ አንድ አሮጌ የካሴት ማጫወቻ፣ ዴክ የሚሉትን፣ ከደሴ አስመጣ፣ አምፕሊፋየሩንም ጠገነ። ሚስቱ እታለም "ጆንያውን ጤፍ ብንሞላው አይሻልም ነበር?" ከማለት በቀር አልተቃወመችውም። እታለም እንዲህ ናት፤ ቀልዳ ትተዋለች፣ ከተወችው ደግሞ አታነሳውም።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በገባ በጥቂት ወራት፣ በገበያ ቀን፣ እማማ ጥሩሐረግ ከጽጽቃ መጡ። ምንዋጋው ደጁ ላይ ሲያያቸው ደነገጠ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገበያ ውስጥ ከሩቅ ባያቸው ቁጥር ጥጉን ይዞ የሚጠፋው እሱ ነበር፣ ዛሬ ግን ገዛ ቤቱ ድረስ መጡበት፤ ወዴት ይግባ?

"እንደምን ዋልክ፣ ምንዋጋው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ እማማ፣ ይግቡ።"

"የጠፋ ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ገዝቷል ሲሉ ሰማሁ።"

"ማነው እንዲህ ያለዎት?"

"ገበያው ነዋ።"

የሰቆጣ ገበያ ደግሞ ሲነግሩት ሰምቶ ሲያወራ ጨምሮ ነው። ምንዋጋው ይህን ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን እማማ ጥሩሐረግ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ መፍታት ጀምረው ነበር። ከቋጠሮው አንዲት ካሴት ወጣች። ካሴቷን ገና ሲያያት አወቃት።

"ዘመናይ እዚህ ውስጥ ናት" አሉ። "አውጣልኝ።"

ዘመናይ የእማማ ጥሩሐረግ አንድ ልጅ ናት። በሰማንያ ዘጠኝ ቤሩት ሄደች። ያን ጊዜ ስልክ ብርቅ ነው፤ ጽሕፈት የማያውቅ እናትና አገር ያቋረጠች ልጅ የሚነጋገሩት በካሴት ነበር። አንዲት ካሴት ትመጣለች፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ያዳምጣታል፣ መልሱ በዚያችው ካሴት ላይ ይቀረጽና ወደ ቤሩት በሚሄድ ሰው ትመለሳለች። ምንዋጋው በዚያ ዘመን ካሴት የሚያባዛ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ስለነበር የዋግ እናቶች ሁሉ አፍ እሱ ነበር ማለት ይቻላል። ቴፑን ይከፍታል፣ ያስለቅሳል፣ ይቀርጻል፣ ይልካል።

አንድ ሥርዓት ነበራቸው እናቶቹ። የላኪዋ የገዛ ድምፅ ፈጽሞ ወደ እሷ አይመለስም፤ "ድምፁ የተመለሰበት ሰው እግሩ አይመለስም" ይሉ ነበር። ስለዚህ የእናትየዋ መልስ አጥሮ የልጅቷ ድምፅ ጫፉ ላይ ከተረፈ፣ ምንዋጋው ባዶ ሽቦ ማይክሮፎኑ ቀዳዳ ውስጥ ሰክቶ ካሴቷ እስክታልቅ ዝምታ ይቀርጽበታል። ዝምታው የልጅቷን ድምፅ ጠራርጎ ያጠፋዋል። በእሱ እጅ ስንት ልጅ በዝምታ እንደጠፋ እግዚአብሔር ይወቀው።

ዘመናይን ግን ይወዳት ነበር። ትምህርት ቤት አብረው ነበሩ፤ መውደዱን ሳይነግራት ሄደች። በዘጠና ዓመተ ምሕረት ላይ የእናቷን መልስ ሲቀርጽ፣ እማማ ወጥተው ከሄዱ በኋላ፣ እንደ ሌባ ጎንበስ ብሎ ሁለት ቃል ጨመረበት። "ብጠብቅሽ ትመጪልኛለሽ?" አላት። በቃ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ያለው ሰው አልሆነም።

በዘጠና አንድ መልሱ መጣ። ይህችው ካሴት ናት። ዘመናይ እናቷን በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ አዋየቻት፤ ስለ አሠሪዎቿ፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ናፈቃት የሽምብራ እሸት። "ደኅና ሁኝልኝ እማ" ብላ ጨረሰች። ምንዋጋው ቴፑን አላጠፋውም። እማማ እንባቸውን ሲጠርጉ እሱ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ፤ ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። ምንም። መልሷ ዝም ነው አለ በሆዱ። ቆሽቱ አረረ። ካሴቷን የምታደርሰው ባንቺ የምትባል ልጅ በማግስቱ መሄዷ ስለነበር እዚያው መልሱን ቀረጸ፣ የተረፈውንም እስከ ጫፉ በዝምታ ጠረገው። ዝምታ ላክሽልኝ፣ ዝምታ ልኬልሻለሁ አለ። ኩራት ራቱ ነው ለድሃ።

ከአምስት ወር በኋላ ባንቺ ካሴቷን ይዛ ተመለሰች። ዘመናይ ያን ቤት ለቃለች፤ የት እንደገባች የሚያውቅ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ እሷን አየሁ፣ ስለ እሷ ሰማሁ ያለ የለም። ምንዋጋውም የእናቷን ፊት ባየ ቁጥር ያ ዝምታ ስለሚታወሰው መሸሽ ጀመረ።

"እማማ" አለ ምንዋጋው አሁን፣ "ይህች ላይ ያለው የእርስዎ ድምፅ ነው። የሷን እኮ አጥፍተነዋል።"

"ገመድህን አምጣና ሞክር እንጂ፣ ምን ታወራኛለህ?"

ሞከረ። ከዴኩ ጀርባ ሁለት ገመድ ይወጣል፣ ነጭና ቀይ፤ ነጩ የግራ፣ ቀዩ የቀኝ። እንደለመደው ሁለቱን አንድ ላይ በሚያጋጥም መሰኪያ ጠቀለላቸውና ሳጥኗ ላይ ሰካ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ቀዳዳውን ለማይክሮፎን አድርጎት ኖሯል፤ የማይክሮፎን ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ሳጥኗ ታጎላዋለች፣ የዴኩ ግን ራሱ ወፍራም ነው። ማብሪያውን ከማይክሮፎን ወደ ቴፕ መለሰና ማዞሪያውን ቀነሰ። ያን ጊዜ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የነበሩት እማማ ጥሩሐረግ፣ ጥርሳቸው ሙሉ የነበረ ጊዜ፣ ጥርት ብለው ተናገሩ።

የዛሬዋ እማማ ጥቂት አዳመጡና ፊታቸውን አዞሩ። "ይህችማ እኔ ነኝ። እኔን ምን ላድርጋት?"

ምንዋጋው ቴፑን አቆመ። መሰኪያውን ነቅሎ ዝም ብሎ ሲያገላብጠው ነው ነገሩ የታሰበው። የድሮው ሱቅ ቴፕ የሚያጠፋበት ራስ ተበልቶ ዘመም ያለ ነበር፤ ባለቤቱ ሁልጊዜ ያማርርበት ነበር። ዘመም ካለ ደግሞ የክሩን ጠርዝ ጠርጎ ወደ መካከሉ ያለውን ሊስት ይችላል። ያ ቴፕ አንድ ጆሮ ብቻ ስለነበረው ሁሉንም ቀላቅሎ ነው የሚሰማው፤ ይህ ዴክ ግን ግራና ቀኙን ለየብቻ ያነባል። እሱም ሞኙ የተለያየውን መልሶ ቀላቅሎታል።

መሰኪያውን ጣለው። ነጩን በአንደኛው ቀዳዳ፣ ቀዩን በሁለተኛው ሰካ። የነጩን ዘጋና የቀዩን ብቻ ከፈተ። እንደ ዝናብ የሚንሿሿ ድምፅ መጣ፣ የእማማም ድምፅ እላዩ ላይ። ከሥሩ ግን ሌላ የሚያጉተመትም ነገር አለ።

እማማ ጥሩሐረግ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "ናት!"

"ቃሏ አይለይም እኮ እማማ።"

"እኔ ቃል መች ጠየቅሁህ? ናት አልኩህ እንጂ!"

የእማማ መልስ አለቀና እሱ በቂም የቀረጸው ዝምታ ደረሰ። አሁን ከላይ የሚጫናት ድምፅ የለም። ማዞሪያውን ቀስ እያለ ከፍ አደረገው። ደቂቃዎች አለፉ፤ መንሿሿቱ ብቻ። ሊዘጋው እጁን ሲሰድ፣ በአማርኛ፣ ከሩቅ፣ ግን ደግሞ ጥርት ብሎ፣

"ምንዋጋው" አለች ዘመናይ። "እማ ወጥታ እስክትሄድ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ያልከኝን ሰምቻለሁ። ሠላሳ ጊዜ ነው የሰማሁት።" ሳቋ መጣ። "እመጣለሁ። ሁለት ዓመት ጠብቀኝ። እስከዚያ እማን አደራ፣ ሌላ ሰው የላትም። እሷ ቸገረኝ አትልም፤ አንተ ሄደህ አይተህ እወቅላት። ልጅ ሁናት።"

ከዚያ ቋ አለና አለቀ።

ምንዋጋው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ይህን ሁሉ የተናገረችው ለእሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ አንዲት ቃል ሳይሰማ በገዛ ጣቱ ጠራርጎታል። ሦስት ደቂቃ ጠብቆ አራተኛውን የነፈገ ሰው፣ ማንን ይክሰስ? ናፈቀችው። ዘጠኝ ዓመት የቀበረው ናፍቆት በአንድ ጊዜ ተነሳበት።

"ድገመው" አሉ እማማ። ደገመው። "ድገመው።" ሦስተኛው ላይ ከሳቋ ጋር አብረው ሳቁ።

ድምፁን በትልልቆቹ ስፒከሮች ስለለቀቀው ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። እታለም በሩ ላይ ቆማለች።

"ሁለት ዓመት ነው ያለችህ?" አለችው።

"አዎ።"

"እኛ የተጋባነው ከዚያ በስንተኛው ነው?"

ምንዋጋው መዋሸት ይችል ነበር፤ ግን እታለም ቀኑን ከእሱ ይበልጥ ታውቀዋለች። "ሁለት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ሲቀረው" አላት።

እታለም ለአፍታ ወለሉን አየች። ከዚያ ወደ ማድቤት ገባች። እሱም ሊከተላት ተነሳና መልሶ ቁጭ አለ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላል ያገሬ ሰው፤ እሱ ግን የተሰጠውን አደራ ሳያውቅ በልቶ፣ አደራ የተባለላቸውን እናት ከገበያ ገበያ ሲሸሽ ኖሯል።

"እማማ፣ እኔ እኮ አልሰማሁም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ባየሁዎት ቁጥር እየሸሸሁ..."

"እሱንም አውቃለሁ። አይሃለሁ እኮ። ይህ ልጅ ምን በድየው ይሆን እያልኩ ነው የምመለሰው።"

እታለም የሞቀ ውሃ በሳፋ ይዛ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ሳፋውን እማማ ጥሩሐረግ እግር ሥር አስቀምጣ ፎጣውን ለባሏ ወረወረችለት።

"ከጽጽቃ በእግራቸው ነው የመጡት" አለች። "ልጅ ሁናት አይደል ያለችህ? እጠባቸዋ። ደግሞ ዛሬ አይሄዱም፤ እዚሁ ነው የሚያድሩት።"

ምንዋጋው ተንበረከከ። የእማማን ጫማ አወለቀ። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁ ውስጥ የመንገዱ አፈር ገብቷል። ቀስ ብሎ ማሸት ጀመረ። እማማ እጃቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ።

"ባለፈው ክረምት ቤቴ ሲፈርስብኝ" አሉ፣ "ጎረቤት ደጅ ቆሜ ያደርኩት ልጅ የለኝም ብዬ ነበር። ለካ ነበረኝ።"