ሽማግሌ ያልቀመሰው ፒዛ

አቶ ኤጄታ በ2009 ዓ.ም. ለሃያ ቀን ስልጠና ናፖሊ ደርሰው ከመጡ ወዲህ አምቦ ከተማ ውስጥ በሰላም የተበላ ፒዛ የለም። ስልጠናው ስለ ትምህርት ቤት ሱፐርቪዥን ነበር፤ ስለ እሱ አንድም ቀን ሲያወሩ የሰማቸው ሰው ግን የለም። ስለ ሊጡ፣ ስለ ቲማቲሙ፣ ጠርዙ ላይ ስለሚወጣው ጥቁር ጠባሳ ግን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር አስተምረዋል። ዋናው ሕጋቸው አንድ ነው፦ የናፖሊ ፒዛ ከምድጃ በወጣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መበላት አለበት። “ከዚያ በኋላ ቂጣ ነው” ይላሉ።

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ሃዋኒ ቤት ተቀምጠው ነው። ሃዋኒ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ናፖሊ ፒዛ ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ሴት ናት፤ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ምድጃ አስገንብታ በባሕር ዛፍ ፍልጥ ትጋግራለች። እሷ አሥራ አንዱን ዓመት ይዛ ዝም ትላለች፤ እሳቸው ሃያውን ቀን ይዘው ይናገራሉ። ደንበኛ ነው፣ ምን ይደረጋል። ግድግዳዋ ላይ “ፒዛ ተመልሶ አይሞቅም” የሚል ወረቀት ያስለጠፏትም እሳቸው ናቸው።

ልጃቸው ሴና ሚልኬሳ የሚባል ልጅ ወደደች። ሚልኬሳ ሸነን ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ሳምንቱን የገበሬ ከብት ሲያክም ከርሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ አምቦ ይመጣል። ረጋ ያለ፣ ማንም የማይጠላው ልጅ ነው። አቶ ኤጄታ ግን ጠሉት። ለሰው የሚናገሩት ምክንያት “ሸነን ሩቅ ነው” የሚል ነበር። እውነተኛው ምክንያት እዚሁ ሃዋኒ ቤት ማርጋሪታ የሚባለው ፒዛ ላይ ሚጥሚጣ ነስንሶ፣ እንደ እንጀራ ጠቅልሎ ሲጎርስ በዓይናቸው ማየታቸው ነው። ሴና ሦስት ወር ለመነቻቸው። አለቀሰች፣ እግራቸው ላይ ወደቀች፣ እህል ተወች። እሳቸው “አይሆንም” ከማለት ፈቀቅ አላሉም።

ሚልኬሳ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ነበሩ፦ እርቅ ሲኖር አገሩ ሁሉ የሚጠራቸው ገበሬው ኦቦ ተሬፋ፣ ጡረታ የወጡት መምህር አቶ አዱኛ፣ እና አንድ ዝምተኛ የሚልኬሳ አጎት። ሁለት ጊዜ ቤት መጡ። ሁለቱንም ጊዜ “እሺ” ስላልተባሉ፣ እንደ ደንቡ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ።

ለሦስተኛው ጊዜ አቶ ኤጄታ ዘዴ ዘየዱ። ሽማግሌን ሦስቴ ጦሙን ቢመልሱ ከተማው ያማቸዋል። አብልተው ቢመልሱስ? የበላ ሽማግሌ አይቀየምም። ደንቡ የሚከለክለው የልጅቱ አባት ቤት መብላትን ነው፤ ምግብ ቤት ደግሞ የማንም ቤት አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር ጠበቃ እንኳ አያስበውም ብለው በራሳቸው ተደነቁ። ፒዛ ያቀርባሉ፣ እንግዶቹ ይበላሉ፣ አፍ ሲለዝብ እሳቸው ቀስ ብለው “አይሆንም” ይላሉ፣ አለቀ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሃዋኒ ቤት ተገናኙ። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አድርገው ተቀመጡ። ትልቅ ማርጋሪታ ቀጥታ ከምድጃ መጣ፤ ቺዙ ገና ይንፈቀፈቃል፣ የበሶብላው ቅጠል ሽታ ጠረጴዛውን ሞላው።

“ብሉ እንጂ” አሉ አቶ ኤጄታ።

“እናከብርዎታለን፣ ኦቦ ኤጄታ” አሉ ኦቦ ተሬፋ። “ግን የመጣነው ለጉዳይ ነው። እሺ ሳይሉን አንቀምስም።”

“ይህ እኮ ምግብ ቤት ነው፤ ቤቴ አይደለም።”

“የጋበዘን ማነው?”

“እኔ ነኛ።”

“እንግዲያው ቤትዎ ነው” አሉ ኦቦ ተሬፋ።

አቶ ኤጄታ ይህን አላሰቡበትም ነበር። እንግዳ ሳይጎርስ ጋባዥ አይጎርስምና እጃቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ኦቦ ተሬፋ ደግሞ ተረጋግተው የሚልኬሳን ዘር ከአያቱ አባት ጀምረው መቁጠር ያዙ። አንዱ አያት ስንት በሬ እንደነበረው፣ ሌላው በየትኛው ዓመት የጎረቤቱን ደም እንዳስታረቀ፣ ሁሉም በየተራው ተነገረ። አቶ ኤጄታ ከአያቶቹ አንዱንም አልሰሙም። ዓይናቸው ቺዙ ላይ ነበር፤ መንፈቅፈቁን ተወ፣ ከዚያ ወዙ ደረቀ፣ ከዚያ ጠርዙ ኮሰሰ። አምስት ደቂቃው አለፈ።

ሃዋኒ መጣች። “ጋሼ፣ ትንሽ ላሙቀው?” አለች፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ።

አቶ ኤጄታ ግድግዳውን አዩ። “አይሞቅም” አሉ። “ሌላ አምጪ።”

ሌላ እስኪመጣ ኦቦ ተሬፋ በእናቱ በኩል ያሉትን አያቶች ጀመሩ። ሁለተኛው ማርጋሪታ ሲመጣ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያምር ነበር፤ ጠርዙ ተነፍቷል፣ ጠባሳው እሳቸው እንደሚወዱት እዚህም እዚያም ጣል ጣል ብሏል። አቶ ኤጄታ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ምራቃቸውን ዋጡ። አቶ አዱኛ ሳሉና “የእናቱ አጎት ደግሞ” ብለው ጨዋታውን ከኦቦ ተሬፋ ተቀበሉ። የሁለተኛው ፒዛ ቺዝም መንፈቅፈቁን ተወ።

“እሺ” አሉ በድንገት። “ሰጥቻለሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ። አሁን ብሉ።”

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ራሳቸውም ቃሉን ሲሰሙት ደነገጡ፤ ቢሆንም እጃቸው ወደ ሹካው መሄዱን አልተወም። ሽማግሌዎቹ ግን ሦስቱም ዱላቸውን ይዘው ብድግ ብለዋል። ልጅ የተሰጠው ሽማግሌ ሳይመርቅ አይጎርስም።

ኦቦ ተሬፋ በኦሮምኛ መረቁ። ከፈጣሪ፣ ከዋቃ ጀመሩ፣ ወደ ዝናቡ ወረዱ፣ ወደ ገብሱ፣ ወደ ላሞቹ፣ ገና ወዳልተወለዱት ልጆች። በእያንዳንዱ ቃል መጨረሻ ሌሎቹ እንደ አሜን “ሃዬ” ይላሉ። ሌላ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት ደንበኞች ሳይቀሩ ሹካቸውን አስቀምጠው ቆሙ። አቶ ኤጄታም መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ማርጋሪታው ላይ ተክለው “ሃዬ” አሉ። ኦቦ ተሬፋ ሲጨርሱ አቶ አዱኛ በአማርኛ ቀጠሉ፤ አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸውና ምዕራፍ መዝለል አያውቁም።

በመጨረሻ ተቀመጡ። ኦቦ ተሬፋ ቆርሰው ጎረሱ፣ ረጋ ብለውም አላመጡ።

“ጥሩ ነው” አሉ። “ቀዘቀዘ እንጂ።”

አቶ ኤጄታ የቀዘቀዘውን እያኘኩ ሳለ ስልካቸው ጠራ። ሴና ነበረች።

“አባዬ፣ ምን አልካቸው?”

“እሺ አልኳቸው።”

እልልታ ጠብቀው ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አደረጉት። እልልታ አልመጣም።

“እውነትህን ነው?” አለች ሴና። “ምን ብለው አሳመኑህ?”

አቶ ኤጄታ ስለ ልጁ ጨዋነት፣ ስለ አያቶቹ ሊናገሩ ፈለጉ። ከአያቶቹ ግን የአንዱም ስም አልመጣላቸውም።

“ፒዛው እየቀዘቀዘ ነበር” አሉ፣ እንድትስቅ ብለው።

ሴና አልሳቀችም። “እኔ እኮ ሦስት ወር ለመንኩህ፣ አባዬ” አለች።

አቶ ኤጄታ አፈሩ። ሹካቸውን አስቀመጡ።

“ሴናዬ” አሉ። ስልኩ ግን ተዘግቷል።