ለአማት የተመረጠው ቡትስ

ሴኬሳይ ተራራው ላይ በእናቷ ማድቤት ውስጥ በሬሳ ሣጥን ተኝታለች። ጉድጓዱም ተቆፍሮ አልቋል። ጋሪካይ ግን ሙታሬ ከተማ አንድ ጫማ ቤት ውስጥ ተገትሮ፣ ከሦስት ዓይነት የሴት አጭር ቡትስ አንዱን መምረጥ አቅቶታል።

ሁለቱ ለዓመታት እንደ ባልና ሚስት አብረው ሲኖሩ ጥሎሽ አልተጣለም ነበር። ዛሬ ነገ ሲባል ሰኔ ገባ፣ ብርዱ ሳንባዋን ያዛትና በሳምንቱ ሞተች። ሬሳዋን ወደ አገሯ የወሰዱት ዘመዶቿ ናቸው። አጎቷ ቺንጎኖም ቁርጡን ተናገረ። የጥሎሹ ከብት ይቆይ፣ የእናትየዋ ብርድ ልብስና ጫማ ግን አይቆይም። ጫማው ሰው ያልተጫማው፣ አዲስ፣ አማች ራሱ የመረጠው መሆን አለበት። እናትየዋ በሰው ፊት ካጠለቀችው ጋሪካይ ባል ነው፤ ከመቃብሩ ራስጌ ይቆማል፣ የመጀመሪያውን አፈር ይጥላል፣ ስሙም ከስሟ ጋር ይጠራል። ካላጠለቀችው የሰው ልጅ ይዞ የኖረ መንገደኛ ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ ደግሞ ቀብሩ ይፈጸማል።

አብራው የመጣችው የአባቱ እህት ቴቴ ሙቻኔታ ገና ከበሩ ስትገባ ነው የመረጠችው። ጥቁር፣ ታኮ የሌለው፣ ግራና ቀኙ ላስቲክ የሆነ፣ ተስቦ የሚጠለቅ ቡትስ። ሶሉን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፣ አሸተተችው፣ ይሄ ጭቃ ይችላል አለች። ሻጭዋ ልጅ ደግሞ አሁን የሚደረገው ይሄ ነው ብላ ወፍራም ሶል ያለው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት በክር የሚታሰር አመጣች።

"ጎንበስ ብለሽ ክሩን የምታስሪላት አንቺ ነሽ?" አለቻት ቴቴ። ልጅቷ መልሳ ወሰደችው።

ጋሪካይ ሁለቱንም አላያቸውም። ዓይኑ መስኮቱ ላይ ካለው ከሦስተኛው ላይ አልነሳ ብሏል። ቡናማ፣ አጠር ያለ ታኮ ያለው፣ በጎኑ ዚፕ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ሴኬሳይ እዚህ መስኮት ጋ ስትደርስ ትቆማለች። ግዛልኝ ብላው አታውቅም። አውራ ጣቱ ጋ በተቀደደው የሸራ ጫማዋ አንዱን እግሯን በሌላው እያሸች ታያለች፣ እሱም "ለብርዱ ይደርሳል" ይላታል፣ ከዚያ ይሄዳሉ። ብርዱ መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። ቡትሱ ግን ከመስኮቱ ንቅንቅ አላለም።

"ቴቴ፣ ቡናማው ይሁን" አለ።

ቴቴ አየችው። "አንተ ልጅ፣ ማንን ልታጫማ ነው የመጣኸው?"

"የሷና የእናቷ እግር አንድ ነው። ስትሄድ እየተቀያየሩ ነው የሚጫሙት።"

"እግሩ አንድ ቢሆን አሮጊቷ ተራራ ላይ ናት። ታኮ ላይ አውጥተው ተሳለቁብን ቢሉ ምን ልመልስ ነው? ሟቿን ተዋት ልጄ። ዛሬ የምንገዛው ለእናትየዋ ነው።"

እውነቷን እንደሆነ አላጣውም። ጥቁሩን ያዝ አደረገው፣ መልሶ አስቀመጠው። ሴኬሳይ የተመኘችውን መስኮት ላይ ትቶ ሌላ ገዝቶ ከዚህ ቤት መውጣት አንጀቱ እንቢ አለ። በእናቷ እግር እንኳ ልየው ብሎ አሰበ። ሐዘንተኛ እንዲህ ነው፣ ያሰበው ሁሉ ልክ ይመስለዋል። ቡናማው በካርቶን ተጠቀለለ።

አውቶቡሱ ጉም ውስጥ እየተንፏቀቀ ሲያደርሳቸው ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ወንዶቹ ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ አካፋዎቹ አጠገባቸው ተጋድመዋል፣ ከማድቤቱ የሴቶች ዜማ ይሰማል። አማች አማቱን ፊት ለፊት አያይምና ጋሪካይ ራቅ ብሎ ቁጢጥ አለ፣ ለአክብሮት እጁን በቀስታ አጨበጨበ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ስጦታውን ያቀረበችው ቴቴ ናት።

የሴኬሳይ እናት ብርድ ልብሱን ተቀብላ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ሰው እፎይ አለ። ከዚያ ካርቶኑን ከፈተች። አንዱን ቡትስ አወጣችና ዚፑን እስከ ታች ከፈተችው፣ እስከ ላይ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው።

"ማን ነው የመረጠው?" አለች።

"ልጃችን ነው" አለች ቴቴ።

"ነግራኛለች ይሄን ጫማ። ቡናማ ነው፣ ዚፑ በጎን ነው፣ ታኮው ትንሽ ነው፣ እማዬ፣ ለብርዱ ይገዛልኛል ብላኛለች። ባለፈው ብርድ ነገረችኝ፣ ከዚያ በፊት በነበረውም ብርድ ነገረችኝ።" ድምፅዋ ከፍ አላለም። "እግሯ በረዶ ሆኖ እየመጣች እጄ ውስጥ አድርጌ ነበር የማሞቀው።"

ጋሪካይ ማጨብጨቡን አቆመ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

አጎትየው ጉሮሮውን ጠረገ። "በይ የሴኬሳይ እናት፣ አጥልቂውና እንነሳ። ይመሻል።"

"የሷን ጫማ አላጠልቅም።"

"ካላጠለቅሽ እኮ ሰውየው አማች አይደለም። አስበሽበታል?"

"ለእኔ የመጣ ጫማ የለም" አለች። ቡትሱን ጉያዋ አስገብታ ወደ ማድቤቱ ገባች። ቴቴ ተከተለቻት።

ሣጥኑ ተከፈተ። ዜማው ቆመ። ውጭ ያሉት ወንዶች አንገታቸውን ደፉ፣ ከውስጥ የዚፕ ድምፅ ብቻ ይመጣል፣ አንዴ ረጅም፣ ከዚያ አጭር አጭር፣ እየተመለሰ። ጋሪካይ ያን ጥቁር ቡትስ አሰበ። እናትየዋ ላስቲኩን ሳብ አድርጋ ታጠልቀው ነበር፣ ምንም ሳያስታውሳት ይገባላት ነበር፣ እሱም አሁን ባል ይሆን ነበር። መደርደሪያው ላይ በእጁ ይዞት ነበር እኮ።

ሣጥኑ ሲወጣ አንድ ጎረምሳ መጥቶ በትሕትና ወደ ኋላ እንዲል ነገረው። ከአጥሩ ውጭ፣ ለቀብር ብቻ ከመጡ የሩቅ መንደር ሰዎች ጋር ቆመ። የመጀመሪያውን አፈር አጎቷ ጣለ። ስሟ ሲጠራ የአባቷ ስም ተከተለ፣ ከዚያ ዝም ተባለ። እናቷ አሮጌ የጎማ ጫማዋን እንዳደረገች ጭቃው ውስጥ ቆማለች።

ቴቴ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ አጠገቡ መጣች። አልወቀሰችውም፣ ብትወቅሰው ይሻለው ነበር።

"አንደኛው ዚፕ አልዘጋ አለ" አለችው። "እግሯ ደርቋል። ታገልን፣ እንቢ አለን።"

የትኛው እግሯ እንደሆነ ሊጠይቃት አፉን ከፈተ። አካፋዎቹ ሥራ ጀምረው ነበርና ድምፁ አልተሰማም።