ድኩላውን ማን ገደለው

ድኩላው ከቁጥቋጦው ተወርውሮ ሲወጣ ሾፌሩ ሞቱማ ፍሬኑን ረገጠ፤ ግን ምን ያደርጋል፣ አልደረሰበትም። የሚኒባሱ የፊት መብራት ረገፈ። ከባምባሲ ወደ አሶሳ የተሳፈሩት ሁሉ ደህና ነበሩ፤ እንስሳው ግን አስፋልቱ ዳር ተጋድሞ ይንፈራገጣል።

ከሾፌሩ ጎን የተቀመጡት ሽማግሌ ገበሬ፣ አባ ሻዕባን፣ ማንንም አልጠየቁም። ወርደው ቢላቸውን መዘዙ፤ አንገቱን ወደ ቂብላ አዙረው «ቢስሚላህ» አሉና አረዱት። ነፍስ እንዲህ ስትሰቃይ ጥሎ መሄድ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው።

ሥጋው ሳይነካ የትራፊክ ፖሊሷ ሳጅን ብርሃነሽ በሞተር ብስክሌት ደረሰች። መብራቱን አየች፤ የታረደውን አንገት ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄን ማን አረደው?»

ተሳፋሪው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«እኔ ነው» አሉ አባ ሻዕባን። «ተሰቃየ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። እሱም ነፍስ አለው።»

«አባባ፣ መኪና የገደለው አደጋ ነው፤ ቢላ የገደለው አደን ነው። ፈቃድ አለዎት?»

«ለቢላም ፈቃድ መጣ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሊል ያለው ሁሉ መልሶ ዋጠው።

ሳጅኗ ወደ ሞቱማ ዞረች። «በስንት ነበር የምትነዳው?»

ሰማንያ አልፎ ነበር። መንገዱ በጠዋቱ ዝናብ እርጥብ ስለሆነ የጎማ ምልክት የለም። መንጃ ፈቃዱ አምና በፍጥነት ታግዶ ሦስት ወር ቤቱ ቁጭ ብሏል፤ አሁን ቢደገም ለዘለቄታው ነው። የመኪናው ባለቤት ኦቦ ነገራም ገና አሁን በስልክ፣ «በዝግታ ነበር በል። አውሬ ጌታ የለው፣ ማን ይከስሃል?» ብለውታል።

«በአርባ» አለ።

«በአርባ የተገጨ ድኩላ ተነስቶ እያነከሰ ጫካው ይገባል» አለች ሳጅን ብርሃነሽ። «እንግዲህ ገዳዩ እርስዎ ነዎት፣ አባባ። ጣቢያ እንሄዳለን።»

አባ ሻዕባን ቢላውን በሣር ጠረጉና እጀታውን አስቀድመው ሰጧት። ሞቱማ አፍ አፋቸውን ያያል። ከባምባሲ ከተነሱ ጀምሮ ሁለት ጊዜ «ቀስ በል፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ» ብለውት ነበር፤ አሁን አንዷን ቃል ቢያወጡ ይድናሉ። አላወጧትም። ወደ ሞተሩ መራመድ ጀመሩ።



«ሳጅን» አለ ሞቱማ፣ «ሰማንያ አልፌ ነበር። ወገቡን ሰብሬዋለሁ። ይዳስሱት።»

ተንበርክካ ዳሰሰችው፤ አከርካሪው ተሰብሯል። ስትነሳ ቢላውን ለሽማግሌው መለሰች፤ ባዶ እጇን ወደ ሞቱማ ዘረጋች። መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ሰጣት።

ሌላ መኪና እስኪመጣ ሽማግሌውና ሞቱማ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ቀስ በል ብዬህ ነበር» አሉ አባ ሻዕባን።

«ብለውኝ ነበር።»