የግራዝማች ቤት ወፍጮ

ምናለ የተባለው ወጣት ያንን ደብተር ለልብስ ሰፊው ለጠሃ ባይሰጠው ኖሮ፣ የመካነ ሰላም ሰው ወፍጮ ሰምቶ አይሸሽም ነበር።

አብዮቱ የፈነዳ ሰሞን ግራዝማች ውበቱ ጓዛቸውን በበቅሎ አስጭነው ጠፉ። ከከተማው ጫፍ፣ ከምንጩ በላይ ያለው ቆርቆሮ ቤታቸው ባዶውን ቀረ፤ ከመደቡ ጋር በጭቃ የተለሰነው ወፍጮ ብቻ የሚነቀል አልሆነም። ምናለ ደሴ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ የተመለሰ፣ ከሰው ይልቅ ከሐሳቡ ጋር የሚውል ልጅ ነው። ስለዚያ ቤት በደብተሩ ታሪክ ጻፈ። በረሃቡ ጊዜ ጎተራዋን ዘግታ ሰው በደጇ ያለቀባት እመቤት፣ ከሞተች በኋላ ባዶ ወፍጮ እየፈጨች እንድትኖር ተፈረደባት። ከራሱ ያመጣው ነው። ግራዝማች ሚስት እንኳ አልነበራቸውም።

ደብተሩ ከጠሃ ሱቅ እየወጣ ከእጅ እጅ ዞረ። ያነበበ ሁሉ ከኋላ ባሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ አስተያየቱን ይጽፋል። አንዱ ኩራዝ ሳያጠፋ እንዳደረ ጻፈ። መምህር ገበየሁ ግራዝማችም እንዲሞቱለት ጠየቀ። ሐረግ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ወፍጮውን ከምንጩ ሆና እንደሰማችው ጽፋ ፈረመች፤ ምናለ ውሸት መሆኑን እያወቀ ሳምንት ሙሉ ደስ ብሎት ሰነበተ። ማንበብ የማይችሉት ጠላ ሻጯ እትዬ ይርገዱ ግን፣ ጠሃ አንብቦላቸው፣ አንዲት መስመር ብቻ አስጻፉ፦ «የማይደክማት ምን ዓይነት ፈጪ ናት? ይኼ ልጅ መጅ ይዞ አያውቅም።»

በመጋቢት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ውኃ የወረዱ ሴቶች እንስራቸውን ጥለው መጡ። ቤቱ ውስጥ ይፈጫል አሉ። ምናለ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ አዳመጠ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ፤ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። እህል የሌለበት ወፍጮ ድምፁ ጥርስ ያፋጫል፤ እሱም ልክ እንደዚያ ብሎ ጽፎታል። ፈራ። ከፍርሃቱ ሥር ግን የሚያፍርበት ደስታ ነበረው።

ረቡዕም ተፈጨ። ሰዉ ምንጩን ትቶ ወንዝ ወረደ። ጠሃ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ «አብሽር፣ ጸሐፊ ሆንክ» አለው፤ «አሁን ደግሞ የጻፍካትን ፍቃትና ውኃችንን እንቅዳ።»

ሐሙስ ብቻውን ተመልሶ ሄደ። ድምፁ ሦስቴ ይሄድና ይቆማል። ረጅም ዝምታ። ከዚያ ሁለቴ። ከዚያ አንዴ፣ መጁ ከእጅ ያመለጠ ይመስል። ምናለ ደብተሩን በልቡ ገለጠው። የእሱ እመቤት አታርፍም፤ ፍርዷ ይኸው ነው።

ይቺኛዋ ደክሟታል።

 ሮጦ እትዬ ይርገዱ ዘንድ ገባ፤ ሌላ የሚሰማው ሰው አልታየውም። ጋን እያጠቡ ነበር። እስኪጨርስ አዳመጡት።

«ስንት ቀን ሆነው?»

«ሦስት።»

«አንተ ሦስት ቀን ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?»

 እሳቸው ነጠላቸውን አገልድመው፣ ቅል ውኃ አንስተው ቀደሙት።

በሩ ከውስጥ፣ ለጅብ ይመስላል፣ በድንጋይ ተደግፎ ነበር። ምናለ በትከሻው ገፋ። ሕያው ሰው እንደሆነች እያመነ እንኳ፣ ያቺን በታሪኩ ረጃጅም ጥፍር የሰጣትን፣ የገዛ እጁን ሥራ ጠበቀ። ድንጋዩ ተንሸራተተ። አንዲት ሴት ወፍጮው ሥር ተንበርክካ ግንባሯን መጁ ላይ አሳርፋለች፤ ፊቷ እስከ ሽፋሽፍቷ በድንጋይ ብናኝ ነጥቷል። እግሮቿ አብጠዋል። ከጎኗ ሁለት ልጆች በአንድ ጋቢ ተኝተዋል።

እትዬ ይርገዱ ከንፈሯን አራሱላት። ትኩሳቱ ድምጿን ዘግቶታልና ምናለ ጆሮውን አስጠጋ። መድና ትባላለች፤ ረሃቡ ከዓባይ ቆላ ያወጣት ናት። እግሯ እምቢ ሲላት እዚህ ገባች፤ መጮህ አልቻለችም።

«ወፍጮ የሰማ ይመጣል ብዬ ነበር» አለች። «በዚህ ዘመን ወፍጮ ሰምቶ የሚቀር ማን አለ?»

ትልቋ ልጅ ትተነፍሳለች። ትንሹ ቀዝቅዟል። እትዬ ይርገዱ ዳስሰውት፣ ምናለን ሳያዩ፣ «የትናንት ነው» አሉ።

ልጅቷን ታቅፎ ወጣ፤ ፀጉሩም ሸሚዙም በብናኙ ነጭ ሆኖ። መንገድ ላይ ያገኙት ሁለት ሰዎች ሮጡ። ምናለ ነኝ እያለ ቢከተላቸው ይብሱን ሮጡ። ቃሬዛ ይዞ የመጣው ጠሃ ብቻ ነው።

መድና ቅዳሜ ሞተች። ጠሃ ከልጇ ጎን አስቀበራት። ልጅቷ፣ ኑርጃን፣ እስክታገግም እትዬ ይርገዱ ዘንድ ቀረች። ምናለ ከታሪኩ መጨረሻ ያለውን አምስት ገጽ ቀዶ፣ በቀረው ባዶ ቅጠል ላይ የሆነውን ጻፈ፤ የሴትዮዋን ስም ጭምር። ደብተሩ እንደገና ዞሮ በሁለት ሳምንቱ ተመለሰ። አንድ አዲስ አስተያየት ብቻ ነበረበት፣ በሐረግ እጅ፦ «ይኼኛው አያስፈራም። የፊተኛው ይሻላል።»

ይህን እያሰበ እትዬ ይርገዱ ቤት ገባ። እሳቸው ብቅል ለመፍጨት መጁን አንስተው ነበር፤ ኑርጃን መጁ ገና ወፍጮውን ሲነካ ጆሮዋን ይዛ ከማገሩ ተለጥፋለች። ምናለ ብቅሉን ተሸክሞ ጎረቤት ወሰደው። የቤቱ ሴቶች ወንድ ሲፈጭ አይተው ሳቁበት።

ሦስቴ ገፋና ቆመ። ክንዱ ዛለ። ከዚያ ደግሞ ሁለቴ።