የሸክላዋ ሴት ጭንቅላት

መልካሙ ትንሿን የሸክላ ሴት ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አንገቷን በጥፍሩ ቧጠጠ። ቀይ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ረገፈ።

"እናቴ፣ ይሄ ጭንቅላት አዲስ ነው እንዴ?"

"እኔ ነኝ የሠራሁት!" አለች አገርነሽ ደስ ብሏት። አማርኛን ያወቀችው ገበያ ላይ ስለሆነ ስትናገር ወንድና ሴት አትለይም። "ሲገኝ ጭንቅላት አልነበረውም። ሴትዮ እንዲህ ሆኖ እንዴት ቢሮ ይገባል ብዬ ሠራሁለት። ሐሙስ ከገንቦዎቹ ጋር አቃጠልኩት። አሁን ጠንካራ ነው።"

መልካሙ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሶዶ ውስጥ በቅርስ ባለሙያነት ስድስት ዓመት ሲሠራ የተሰረቀም የተሰበረም አይቷል፤ እንዲህ በቅን ልብ የተበላሸ ግን አላጋጠመውም።

አገርነሽ ከዲምቱ ከተማ አጠገብ የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። እሷና አሥር ጎረቤቶቿ አፈር የሚያወጡበት ጉብታ ለመጋዘን ተሰጥቶ ዶዘሩ ነገ ጠዋት ይገባል። የእርሻ መሬት የላቸውም፤ ድሮም ለሸክላ ሠሪ መሬት የሚሰጥ ቀርቶ ልጁን የሚድር አልነበረም። የሸክላዋን ሴት ከዚያው ጉብታ ቆፍራ ባገኘች ጊዜ "ጥንታዊ ከሆነች የመጋዘኑ ሥራ ይታገዳል፣ ይዘዋት ይምጡ" ብሎ በስልክ ተስፋ የሰጣት መልካሙ ነው። እንዳትነካካት ግን ሳይነግራት ረስቶ ነበር።

"የሸክላ ዕድሜ የሚለካው ለመጨረሻ ጊዜ እሳት ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው" አላት። "የዕድሜ መለኪያው መሣሪያ አሁን የሚነግረን ሐሙስን ነው።"

"ሆዱ ግን አሮጌ ነው! እየው እንጂ!"

"እኔማ አያለሁ። ሆድና ጡቷን ያገዘፉት የመራባት አምላክ ብትሆን ነው። ጭንቅላቷንም አውቀው ትተውት ይሆናል። ማንን ላሳምን?"

"ምን አምላክ አለ? እጁ ወገቡ ላይ ነው። ሆዱ ወርዷል። አራት አምስት ወልዷል፣ ወገቡን አሞታል።" አገርነሽ ሳታስበው የራሷን ወገብ ያዘች። "ይሄን ወንድ አልሠራም።"

መልካሙ የተማረው ሁሉ ለጊዜው ጠፋበት። የወገብ ሕመሙ ከአምላክነቱ ይልቅ እውነት መሰለው፤ ዶዘር የሚያቆም ግን ሁለቱም አይደሉም። አለቃው ጋ ስልክ ደወለ። "አዎ... ተነክታለች... እንግዲያው ሥራው አይታገድም... ገባኝ ጌታዬ" ብሎ ዘጋው።

 ሌላ ሰው አጥፍቶት ቢሆን አገርነሽ ትራገም ነበር። የአሥራ አንድ ቤት እንጀራ በገዛ እጇ ማጥፋቷ አንገበገባት።

"አንድ ነገር ላድርግልዎ" አለ መልካሙ ቅጽ እየሳበ። "በእጅ ሥራ ባዛር ላይ እናቅርባት። ሽልማትም አለው። ሠሪ በሚለው ላይ የእርስዎን ስም ልጻፍ።"

"አፈሩስ?"

"አፈሩን አልችልም እናቴ።"

'አገርነሽ ቶማ' ብሎ ጻፈ። እሷ ማንበብ ባትችልም እስክሪብቶው ሲቆም አየች።

"ጭንቅላቱን ብቻ አገርነሽ ሠራ በል።"

"እንደሱ ከጻፍኩ ከባዛሩ ይጥሏታል፤ ሽልማቱም ይቀርብዎታል።"

"ይቅር። ሌላውን የሠራ ሌላ ሴት ነው። ስሙን አላውቅም፣ ቦታውን ክፍት ተውለት።"