የሻይ ቅጠሉ ዜና

ልጅቷ የጉበት ቫይረስ ክኒኗን ለመጨረሻ ጊዜ ከዋጠች ሦስት ቀን አልፏል። አጎቷ ክኒኑን ደብቆ በፔርሙስ ሻይ ሲያጠጣት ነው የከረመው። እናትየው ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ።

«ምን ነካህ አንተ?» አለችው ታናሽ ወንድሟን።

«ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ፣ እትዬ! ሻይ ቅጠል ቫይረሱን ድራሹን ያጠፋዋል።»

«አምጣው!»

«ትናንት ፊደል ቆጥረሽ ዛሬ ጋዜጣ?» ብሎ ሳቀባት።

ጋዜጣውን ነጠቀችው። ማንበብ የጀመረችው አምና ስለሆነ መዝለል አታውቅበትም፤ እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እየተከተለች እስከ ታች ወረደች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ አነበበችለት።

«‹ከሻይ ቅጠል የወጣው ንጥረ ነገር የተሞከረው በላቦራቶሪ፣ በሴሎች ላይ ብቻ ነው። በሰው ላይ ገና አልተሞከረም። ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ።› ይህን አላየህም?»

«እኔማ... ርዕሱን ነው ያየሁት።»

«አንተ እንድትማር ብዬ እኔ ቤት ቀረሁ፤ የተማርከው ርዕስ ማንበብ ነው? በልጄ ጉበት ነው የምትሞክረው?»

አንገቱን ደፍቶ ክኒኑን ከኪሱ አወጣ።

«ጫማህን አድርግ» አለችው፣ የልጇን እጅ ይዛ። «ሐኪሟ ጋ እንሄዳለን። ያደረግኸውን የምትናገረው አንተው ራስህ ነህ።»